«እኩል ነው» ወይስ «ተስማምተናል»

ኡሊስ ፔርኑ በጁራ ተራራ፣ በኮምብ ኖዋር ቴሌግራፍ ቤት አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰዓት ሲያስተካክል ኖሯል። በየቀኑ በቀትር በሽቦው ወደ ጄኔቭ ከተማ አንድ ምልክት ይልካል፤ እዚያ ያለችው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ኦጉስቲን የእሷን ሰዓት ጨምራ ወዲያው ትመልስለታለች። ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለሁለት ከፍሎ በግማሹ ሰዓቱን ያርማል። ኦጉስቲንን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ሲከፋት ግን ከቁልፉ አመታቷ ይለየዋል፤ እሱም ብቸኛ ሰው ስለሆነ ከእሷ ሌላ የሚያጫውተው አልነበረም።

በ1906 የጸደይ ወራት አዲስ ሹም መጣና በመስኮት የሚሰቀል ወረቀት አሳትሞ እንዲፈርምበት ሰጠው፦ «የኮምብ ኖዋርና የጄኔቭ ሰዓት በእርግጥ እኩል ነው።»

ኡሊስ ብዕሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ምነው፣ ቀለም አለቀ?» አለ ሹሙ።

«ቀለምስ ሞልቷል፣ ጌታዬ። ‹በእርግጥ› የምትለዋ ናት የከበደችኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠሩ ኖሩ?»

«ለሁለት ስከፍል። መሄጃውና መመለሻው እኩል ይፈጃሉ ብለን ነው። ምልክቱ ሽቅብ ሲመጣ ቢዘገይ፣ ቁልቁል ሲሄድ ቢፈጥንስ?»

«ይለኩታ።»

«በምን? መሄጃውን ብቻ ለመለካት እዚህና እዚያ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዓቶች ያስፈልጋሉ። እኩል የምናደርጋቸው ደግሞ በዚሁ ምልክት ነው።»

ሹሙ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋው። «ሰዓት ሠሪዎች ከእኛ የሚገዙት ትክክለኛ ሰዓት ነው፤ ጥርጣሬ የሚገዛ የለም። እስከ ቀትር ካልፈረሙ ከነገ ጀምሮ የፖስታ እሽግ ክፍል ነዎት።»

እሽግ ክፍል ሽቦ የለም። ኡሊስ ነገሩን ለኦጉስቲን በሽቦው መታላት።

«ፈርም እንጂ አንተ ግትር፤ ወረቀት እኮ ነው» አለችው።

«አንቺስ?»

«ትናንት ፈረምኩ። እናቴን የማስተዳድር ሰው ነኝ።»

አልፈረደባትም። ብዙ ቆይቶ «በእርግጥ እኩል ነው» የሚለውን ሰረዘና «እኩል እንዲባል ተስማምተናል» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ሹሙ አንብቦ ወረቀቱን አጠፈውና «እንግዲያው ነገ እሽግ ክፍል» አለው።

ቀትር ሲደርስ ኡሊስ ከነገ ጀምሮ እንደማይኖር ለኦጉስቲን ነግሯት የመጨረሻውን ምልክት ላከ። ወዲያው መመለስ የነበረበት መልስ አልመጣም። ጠበቀ። ከደቂቃ በላይ ቆይቶ አንዲት፣ ሲከፋት የምትመታት ዓይነት ምት መጣች፤ ለሁለት ብትከፈል ለማንም ሰዓት የማትጠቅም።

በመዝገቡ ላይ «ዛሬ አልተለካም» ብሎ ጻፈና ኮቱን አነሣ።