የወፍጮ ቤቱ ሄቪ ሜታል

ባለፈው ቅዳሜ ስንዴ ላስፈጭ ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ፣ የወፍጮው ሞተር ግሎ ላዩ ላይ የተኛው ዱቄት ማረር ጀመረ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ከወረፋው ወጥቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ባለወፍጮው «ቲቸር፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት። ደህና አልነበርኩም፤ ተናድጄ ነበር። ስንት ዓመት አልፎም ያ ንዴት አልበረደልኝም።

ተማሪ ሳለን ሙዚቃ የምንለማመደው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነበር። የከበሮ መቺያችን አባት ከአሰላ ዳር ሥራ ያቆመ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በቆርቆሮው ሽንቁር እያፏጨ ይገባል፤ የከረመው ዱቄት ከግድግዳው እየረገፈ የጊታሩ አምፕሊፋየር ላይ ይተኛል፤ አምፕሊፋየሩ ሲግል ቤቱ በሙሉ ያረረ ቂጣ ይሸታል። ሦስት ነበርን፤ ከበሮ መቺው፣ ጊታሪስቱና ዘፋኟ እኔ። ሦስታችንም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። ጊታሪስቱ ከአጎቱ ልጅ ስልክ የገለበጠውን፣ ሄቪ ሜታል የሚሉትን የጩኸት ሙዚቃ መጀመሪያ ሲያሰማን ከበሮ መቺውና እኔ ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

«ይኼ ሙዚቃ አያባብልም» አለን። «ያመመህን ነገር እንዳመመህ ነው የሚናገረው።»

እሱን ያመመው ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጠመ፤ ለስቃዩ የታዘዘለት ክኒን ግን አልለቀቀውም። መጀመሪያ ለእግሩ ነበር የሚውጠው፤ ቀጥሎ እንቅልፍ እንዲወስደው፤ በኋላ ደግሞ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ። የሐኪም ወረቀት ሳይጠይቅ የሚሸጥለት አንድ ሰው ነበር። ነጭ ጋዋን የሚለብስ፣ ከተማው ሁሉ «ዶክተር» የሚለው፣ ከፊቱ ፈገግታ የማይጠፋ ባለ መድኃኒት ቤት። ያንን ፈገግታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጊታሪስቱ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጠኝ። ግጥም ነበር።

«ሕመሜን ውሰጂ ብዬ በሬን ብከፍትልሽ፣
እኔኑ ይዘሽ ወጣሽ፣ ሕመሜን ትተሽ።»

«ማናት? ፍቅረኛ ያዝክ?» አልኩት።

ኪሱን ዳበሰና ባዶ የክኒን ማሸጊያ አወጣ። «ይቺ ናት» አለኝ። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ልልህ አልችልም። ገና ከመዘፈኑ በፊት ነግሮኛል።

ግጥሙን ዘፈን አድርገን ሁለት ወር ተለማመድነው። በዓመቱ መጨረሻ በከተማው አዳራሽ የተማሪዎች ዝግጅት ነበርና ተመዘገብን። ተራችን ሲቃረብ ከአዳራሹ ጀርባ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። በዚያ ብርድ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ጣቶቹ የጊታሩን ክር መያዝ አቅቷቸዋል።

«አንዲት ብቻ አምጪልኝ። ከዛሬ በኋላ አልጠይቅሽም።»

«እናትህ እኮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል» አልኩት።

«ለዚያ ነው። እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ።»

ሮጥኩ። እውነቱን ልንገርህ፤ ለእሱ አዝኜ ብቻ አይደለም የሮጥኩት። መዝፈን ፈልጌ ነበር። ባለ ፈገግታው ሰው ለማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ። እኔም አመሰገንኩት። ይታይህ፣ አመሰገንኩት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እጁ ረጋ። እንደዚያ ቀን ጊታር ተጫውቶ አያውቅም። የአዳራሹ መስኮቶች ይንቀጠቀጡ ነበር። ጉሮሮዬ እስኪደማ ድረስ ጮህኩ። ከኋላ ያሉት ልጆች ዘለሉ፣ መካከል ያሉት ሳቁ፣ አንድ መምህር «ድምፁን ቀንሱ» እያለ እጁን ወደ ታች አወረደ። ቀና ስል ባለ መድኃኒት ቤቱ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሱቁን ዘግቶ መምጣቱ ነው። ስንጨርስ አጨበጨበ። ስንወርድ ደግሞ የጊታሪስቱን ትከሻ መታ አደረገና «በርቱ ልጆች» አለን።

ከዚያ በኋላ ጊታሪስቱ ባሰበት። ቤተሰቡ ብርዱ ያጠነክረዋል ብለው በቆጂ ወዳሉት ዘመዶቹ ላኩት። ጊታሩን አስቀሩበት፤ ከተማው ያ የሰይጣን ጩኸት ነው ያበላሸው እያለ ነበርና። ክኒኑን ግን ማንም አላስቀረበትም። መስከረም ሳይጠባ አንድ ጠዋት ተኝቶ ቀረ።

ለቅሶው ላይ ባለ መድኃኒት ቤቱ መጣ። ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ተቀመጠና «የዘንድሮ ልጆች ሙዚቃ ነው የሚያጠፋቸው» አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ራሱን ነቀነቀ። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ የገዛሁለት ክኒን ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ሰውዬው ዛሬም በዚያው ሱቅ ይሸጣል። በፊቱ ባለፍኩ ቁጥር የማፍረው እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

ሰው ከተበተነ በኋላ እናቱ አስጠሩኝ። ብዙም አማርኛ አይችሉም፤ የምናወራው በኦሮምኛ ነበር። አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

«ያን ቀን በዘፈኑ ልጄ ምን ነበር ያለው?» አሉኝ። «ጩኸቱ አስፈርቶኝ በሻሼ ጆሮዬን ይዤ ነበር።»

ያለ ከበሮ፣ ያለ ጊታር፣ ቀስ ብዬ በኦሮምኛ ነገርኳቸው። የግጥሙን እያንዳንዱን ቃል። ከዚያ ከአዳራሹ ጀርባ ምን እንደጠየቀኝ፣ ምን እንዳመጣሁለት ጨምሬ ነገርኳቸው። እጄን ለቀቁት። መልሰውም አልያዙትም። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

«ድገሚልኝ» አሉኝ በመጨረሻ። «በሬን ከፈትኩ ካለበት ጀምረሽ።»

ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ከእኔ ጋር እያንቀሳቀሱ፣ ልጃቸውን ሰሙት።