አመድ የበላች አበባ

ዛሬ ጠዋት ከጋርዲኒያዬ ላይ አንዲት ቢጫ ቅጠል ቀነጠስኩና ጣቴን አሸተትኩት። የሚሸተው አበባው እንጂ ቅጠሉ አይሸትም። እኔን ግን አመድ አመድ አለኝ። ምን ላድርግ ልጄ፣ ቢጫ ቅጠል ባየሁ ቁጥር እንዲህ ነኝ።

ያኔ ለደባርቅ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የመጣሁት ከዳባት ገጠር ነው። ዳባትም ይበርዳል፤ የደባርቅ ብርድ ግን ሌላ ነው፤ ጥቅምት ላይ በጠዋት ስትወጭ ሣሩ እግርሽ ሥር ይንኮሻኮሻል። አጥር የሚያዋስነን ከአንድ የጨው ነጋዴ ቤት ጋር ነበር። ሚስትየዋ ሙስሊም ናት፣ የአዲ አርቃይ ልጅ፤ ከእኔ አምስት ስድስት ዓመት ስለምትበልጥ እትዬ ነበር የምላት።

ከቆላ፣ ከእናቷ ግቢ ያመጣቻት አበባ ነበረቻት፣ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለች። ዛሬ ጋርዲኒያ ናት ይሉኛል፤ እኛ ነጯ ነበር የምንላት። ነጭነቷን ግን እኔ አላየሁትም፤ ደባርቅ ከወጣች ሦስት ዓመቷ፣ አንድም ቀን አብባ አታውቅም። እትዬ አልሰለቻትም። ሲመሽ ውርጭ እንዳይመታት ቤት ታስገባታለች፣ ረፋድ ላይ ታወጣታለች፣ የምታጠጣት ውኃ እንኳ ለብ ያለ ነው። አማቴ በአጥሩ ላይ እያዩ፣ "ይች ሴት ዛሬም ቆርቆሮዋን አዝላ ወጣች!" ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት እትዬ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች፤ ነጯም እንቡጥ ያዘች። ሦስት እንቡጥ! ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ስትወርድ ቆርቆሮዋን አስረከበችኝና፣ "ሳትፈነዳ እደርስባት ይሆናል። ከአስታው ሥር ካመጣሁት አፈር በቀር ምንም እንዳትጨምሪባት፣ አደራ" አለችኝ። አስታ ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ የሚበቅለው ቅጠለ ደቃቅ ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁር፣ ለስላሳ ነው።

ሰምቻለሁ። ግን ሙሽራ ነኝ፣ ከሰጠችኝ አሳምሬ ልመልስላት አማረኝ። አማቴን ጠየቅኋቸው።

"አመድ አልብሻት እንጂ! ጎመኑን ምን እንዲህ ያወፈረው ይመስልሻል?" አሉኝ።

ለጎመኑስ እውነታቸውን ነው፤ በእኛ ሰፈር አመድ ያልቀመሰ ነጭ ሽንኩርት አልነበረም። አሁን ልጆቹ ማዳበሪያውን በፕላስቲክ ያመጡልኛል፤ እኔ ዛሬም ለጎመኔ አመዴን አልተውኩም። ለነጯም ሁለት ሳምንት ሙሉ ከምድጃው እየዛቅሁ አበላኋት።

መጀመሪያ ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። ጠምቷት ነው ብዬ ውኃ ጨመርኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት አንደኛው እንቡጥ ሳልነካው ወደቀ፤ በሳምንቱ ሁለቱም ተከተሉት። የት እንደምጥላቸው አጣሁና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳቸው። ከቆላው መንገድ፣ ከሊማሊሞ በኩል የመኪና ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር መጣች ብዬ ወደ አጥሩ እሮጣለሁ።

መጣች፣ ልጇን ታቅፋ። ቋጠሮዬን ፈታሁና እንቡጦቹን አሳየኋት። "እትዬ፣ አመድ ሰጠኋት" አልኩ። ሕፃኑን አቀበለችኝ። ቆርቆሮው አጠገብ ቁጢጥ ብላ አፈሩን በጣቷ ጫረችው፤ ግራጫ ነው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው!

"አንች! አበባዬን ጎመን አደረግሻት? ወላሂ፣ ትንሽ ብቆይ ቀቅለሽ ታቀርቢልኝ ነበር!"

በማግስቱ እኔ ሕፃኑን አዝዬ፣ እሷ ጆንያ ይዛ፣ ወደ አስታው ወጣን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ከሩቅ ያዩናል። አፈሩ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። አመዱን ከሥሯ አራግፈን እንደገና ተከልናት። ለሦስት ወር ያህል እንደ ደረቀ እንጨት ቆመች፤ ከዚያ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል፣ ከዚያ ሌላ። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ የምናወራው ስለ እሷ ነበር። እንደዚያ ዓመት የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በኋላ ባሏ ንግዱን ወደ አዲ አርቃይ አዞረና ዕቃቸው ተጫነ። እትዬ ቆርቆሮዋን ከመኪናው ላይ አውርዳ ሰጠችኝ። "እናቴ ግቢ ሞልቷል። ይች ደባርቅን ለምዳለች፤ አንችም አሁን ጠባይዋን ታውቂዋለሽ" አለችኝ።

በቀጣዩ ክረምት ፈነዳች። አንዲት ብቻ። ሽታዋ ቤቱን ቢሞላው አማቴ እንኳ "ምን ሽቶ ነው የረጨሽው?" አሉኝ። አንድ ቀን አየኋትና በማግስቱ ቆረጥኳት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ለእትዬ እንድታደርስልኝ ወደ ቆላ ለምትወርድ ነጋዴ ሴት ሰጠኋት።

ሴትዮዋ በሳምንቱ ለገበያ ስትመለስ፣ "አበባሽ ሊማሊሞን ሳትጨርስ ጠቆረች" አለችኝ። "ያደርኩት እነሱ ዘንድ ነው፤ እትዬሽ እንደሆነ ምን እንደነካት እንጃ! ግቢው በዚያው አበባ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ያችን ጠቋራ ትራሷ ሥር አድርጋት ተኛች።"

ሴትዮዋ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከእትዬ ጋር ከዚያ ወዲያ በዓይነ ሥጋ አልተያየንም።