ሲቲ አማቾቿን ልትመረምር የሄደች ጊዜ

ሲቲ ኦሮራ ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ባለው የልብስ ሱቋ በር ላይ ወንበሯን ዘርግታ ትቀመጥና ያልገዛውን ትነዘንዛለች፤ የገዛውንም "ይሄ ከለር አይሄድብህም ነበር፣ በል እንግዲህ" ብላ ትሸኛለች። ሰው አይቀየማትም፤ ምላሷ ለሁሉም እኩል ነው። ኢማሙን እንኳ "ኹጥባዎ ረዘመ፣ ፓርኪንጉ ተጨናንቋል" ብላቸው ታውቃለች።

ባለፈው ዓመት ነርስ የሆነችው ልጇ ራኒያ "ማሚ፣ ላገባ ነው" አለቻት። ልጁ ፈሪድ ይባላል፤ አብሯት የሚሠራ፣ ሰላተኛ፣ መልኩም የሚያስከፋ አይደለም። እንከኑ አንድ ብቻ ነበር፤ የትሪኒዳድ ልጅ ነው።

"ትሪኒዳድ ደግሞ የት ነው?"

"ካሪቢያን። ደሴት ነው፣ ማሚ።"

ሲቲ ዘር ማንዘሩን ለማታውቀው ሰው አንድ ልጇን ልትሰጥ አልፈለገችም። ደሴት ሲባል ግን ልቧ ትንሽ ከዳት። "እንግዲያው ሄጄ ቤተሰቡን አይና እምቢ እላለሁ" አለች።

ባሏ ሁሴን የኤርፖርት ሹፌር ነው። "ለእምቢታ ስልክ አይበቃም?" ቢላት፣ "እምቢ የሚባለው ፊት ለፊት ነው" ብላ ሰፌድ የሚያህል ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ገዛች። ጎረቤቷን ብርቅነሽን ደግሞ "እኔ ቢች ላይ ስተኛ አንቺ በረዶሽን ጥረጊ" ብላ ተሰናበተቻት።

የፈሪድ አባትና እናት እሷንና ራኒያን ከኤርፖርት ተቀብለው ነዱ። ሲቲ ባርኔጣዋን እንደደፋች በመስኮት ሰማያዊ ባሕር ትጠብቃለች። የመጣው ጭስ ማውጫ ነው። ከዚያ ሌላ ጭስ ማውጫ። ከዚያ ቤት የሚያካክሉ ነጫጭ ጋኖች፣ ቱቦ በቱቦ ላይ የተጠማዘዘበት ፋብሪካ፣ እሳት የሚተፋ ምሰሶ፣ የኮንቴይነር ክምር። ባሕሩስ ነበር፤ ከኋላ፣ የዛገ መርከብ ተገትሮበት። አየሩ የፀጉር ቀለም ይሸታል።

"ልጄ፣" አለች ሲቲ በአማርኛ፣ "ይሄ ያ እኛ አጠገብ ያለው የነዳጅ ማጣሪያ ሰፈር፣ ኮሜርስ ሲቲ ነው እኮ! አውሮፕላኑ ዞሮ እዚያው መልሶን ይሆን?"

"ማሚ፣ ፕሊስ!"

አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የወደብ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የወደቡ አጥር ጥግ መኪናውን ፓርክ አደረጉና ክሬናቸውን በኩራት አሳዩአት።

"ቢቹስ?" አለች ሲቲ።

"የቱ ቢች?" አሉ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው።

ሲቲ እዚያው ቆረጠች። ምሳ በልቼ እምቢ እላለሁ።

ምሳው መንገድ ዳር ነበር፤ በዘይት የተጠበሰ ስስ ቂጣ ላይ የሽምብራ ወጥ፣ ከላይ የቃሪያ ስጎ። የፋብሪካ ሠራተኞች ቱታቸውን እንደለበሱ ቆመው ይበላሉ። የፈሪድ እናት ዛሊና "ስጎው ይቅርብሽ፣ ኃይለኛ ነው" ብላ መከረቻት።

ሲቲ ሳቀች። "እኛ በሚጥሚጣ ጡት የጣልን ሰዎች ነን! ራኒያ፣ ይሙላው በዪው።" ሻጩ ትከሻውን ሰብቆ ሞላው።

ጎረሰች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ እሳት የሚተፋው ምሰሶ ጉሮሮዋ ውስጥ የተተከለ መሰላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ባርኔጣዋ ወደቀ። "ውሃ" ልትል አፏን ብትከፍት ድምፅ የለም።

ዛሊና የሲቲን እንባ አየች። ልጅ የምትድር እናት እንዴት አታልቅስ! ሄዳ ጥምጥም አለችባትና እሷም ታለቅስ ጀመር። "አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ሁለት ሴት ልጆች ድሬአለሁ።" ሠራተኞቹ ሄልሜታቸውን አወለቁ። አባትየው ጉሮሯቸውን ጠርገው ፊት ለፊቷ ቆሙ።

"ልጅሽን እንደ ልጃችን እንይዛታለን። ፈቅደሽልናል?"

ሲቲ በዛሊና ትከሻ ላይ አሻግራ የውሃ ጠርሙስ የያዘ ሠራተኛ አየች። ወደ እሱ ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ ደጋግማ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ አባትየው፤ እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው ፋቲሓ ቀሩ። ፋቲሓ ማቋረጥ የሲቲም ድፍረት አይደርስበትም። ምላሷን አውጥታ እያለከለከች እጇን ዘረጋች።

"ማሚ! ዩ ሴድ የስ?" አለች ራኒያ፣ ውሃውን እያቀበለቻት።

ሲቲ ጠርሙሱን ጨርሳ ድምፅዋ ሲመለስ፣ "እኔ ያልኩት ውሃ ነው" አለች።

"እና… ልንገራቸው?"

ሲቲ ዛሊናን ፈለገቻት። ዛሊና እንባዋ ሳይደርቅ፣ በፋቲሓው መሃል ጥሩምባ የነፋውን የጭነት መኪና ሹፌር መስኮቱ ድረስ ሄዳ እየሰደበችው ነው። ሹፌሩ ይቅርታ ቢጠይቅ አልማረችውም፤ ከመኪናው ቆሻሻነት ጀምራ ወደ ቁምጣው ወረደች። ሲቲ ቃል በቃል አልገባትም፤ ሥራው ግን የባለሙያ መሆኑን ለማወቅ ትርጉም አላስፈለጋትም።

"ተዪው፣" አለች። "ምላስ ያለበት ቤት ነው። እዚህ ቤት ልጄን አፏን የሚያዘጋት የለም።"

የቀሩትን ቀናት ሁለቱ እናቶች በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን ሁሉ ሲያሙ ከረሙ። ሲቲ የማታውቃቸውን ሰዎች በማማት እንዲህ ያለ ደስታ ይገኛል ብላ አስባ አታውቅም።

ሠርጉ ኦሮራ ውስጥ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ባለ አዳራሽ ተደገሰ። ለሁለቱ እናቶች አጭር ምርቃት እንዲያደርጉ ማይክ ተሰጣቸው። ሩዙ ቀዘቀዘ፣ ሕፃናቱ ወንበር ላይ ተኙ፣ ማይኩ ግን አልተመለሰም። ሁሴን ወደ ፈሪድ አባት ጠጋ አለና፣ "አንዷን እንኳ በስንት ሶብር ችዬ ነበር፤ ሁለተኛዋን ከየት አመጡብኝ?" አላቸው።

አባትየውም፣ "እኔ ክሬን ላይ ሠላሳ ዓመት የቆየሁት ለምን ይመስልሃል?" አሉት።