የጥቁሩ ላፕቶፕ ድምፅ

ላፕቶፕ ፍለጋ በወጣሁባቸው ሳምንታት መርካቶ ውስጥ እንደ እንግዳ ሆኜ ሰነበትኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠዋት ራጉኤልን ተሳልሜ ሱቄን እከፍታለሁ፣ ማታ ወደ አማኑኤል ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ገበያ ለባለቤቶቹ ትቼላቸው ነበር። ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት ፎቅ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ትምህርቴም ፊደል ቆጥሬ፣ ጽሑፍ ለማንበብና እንዲህ ለመሞነጫጨር ያህል ደርሶ የቆመ ነው።

ላፕቶፑ ለልጄ ልጅ ነው። ኮሌጅ ሂሳብ አያያዝ ትማራለች፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርብበት ጊዜ ደርሶባታል። አባቷ፣ ማለት ልጄ፣ በድንገት ሞቶብን ሙት ዓመቱን አውጥተናል። እናቷ አረብ አገር ናት። ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሷም ብትሆን ለማደር ያህል ነው የምትመጣው። ከኮሌጅ ወጥታ ጓደኛዋ ቤት ታመሻለች፣ ስትገባ ቆማ ትጎርሳለች፣ ከዚያ ተሸፋፍና ትተኛለች። ምነው ልጄ ስላት፣ ጽሑፉን የምሠራበት ኮምፒዩተር ጓደኛዬ ጋ ስለሆነ ነው አለችኝ። አመንኳት። ላፕቶፕ ቤት ከገባ ልጅቷም ቤት ትገባለች ብዬ ለእናቷ ነገርኳት፤ እሷም ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ ላከች።

ታዲያ እኔ የፈለግኩት የተገኘውን ላፕቶፕ አልነበረም። የፈለግኩት ጥቁሩን ነው።

የፋብሪካውን ስም መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ነጋዴዎቹም «ጥቁሩ» ነው የሚሉት። ልጄ አስመጪ ዘንድ ተቀጥሮ ሲሠራ ቤት ይዞት እንዲገባ የሰጡት ይሄንኑ ነበር። ቤታችን በችፑድ የተከፈለ ነው፤ ወዲህ እኔ፣ ወዲያ ልጄና ልጁ። ከራት በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የገባ የወጣ ዕቃ ይጽፍበታል። በሁለት ጣት ነበር የሚጽፈው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይልና ያርፋል፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ ይላል። ከታች ያለችው ረጅሟ ቁልፍ ስትመታ ድምጿ ወፈር ይላል፣ ዱብ ትላለች። ልጅ ሳለሁ ሸማኔ ጎረቤት ነበረን፤ የመወርወሪያው ድምፅ ሲያባብለኝ ቆይቶ ሲቋረጥ እነቃ ነበር። በስተርጅናዬ የልጄ ቁልፍ እንደዚያ ሆነልኝ። እሱን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ስለነበር ከአርባው በኋላ መጥተው ወሰዱት። ክፉ ቃል አልተናገሩም፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው የወሰዱት። ልብሱንም እንደ ደንባችን ለነዳያን ሰጠን። የሟች ልብስ ቤት አያድርም። የሟች ድምፅ ግን ለማን ይሰጣል? ደንብ አልተሠራለትም። እኛ ጋ ቀረ።

ከራት በኋላ ሬዲዮኑን ዘግቼ ጋደም ስል ይጀምራል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ዝም። ጠቅ ጠቅ። ዱብ። መጀመሪያ ሰሞን እየተነሳሁ፣ በሩን ገፋ አድርጌ አይ ነበር። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ወንበሩ እሱ እንደተወው ወደ ጎን ዞሯል። ልጅቷ ብርድ ልብሷን እስከ ራሷ ስባ ተኝታለች። በሩን መልሼ እገባለሁ። ስጋደም ደግሞ ይቀጥላል። አይጥ ነው፣ ቆርቆሮ ነው እያልኩ ራሴን አላታለልኩም፤ የልጄን እጅ አውቃለሁ። ጸበል ግባ እንዳልባል ለሰው አልተናገርኩም። ለልጅቷማ እንዴት ብዬ። አባቷን ላጣች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

እውነቱን ለመናገር ብዙም አልፈራሁትም። የከበደኝ ድምፁ ባለቤት ማጣቱ ነው። ያው ጥቁር ላፕቶፕ ያው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ፣ የሕያው ሰው ጣት ቢመታው፣ እሱም ያርፋል፣ እኔም እተኛለሁ፣ ልጅቷም ቤቷ ታመሻለች አልኩ። ያሰብኩት ይሄንን ነው።

ሱቄን ለጎረቤቴ እያስጠበቅኩ ፎቁን መውጣት ጀመርኩ። እዚያ አንድ የስልጤ ሰው አገኘሁ፣ የጎልማሳ ጨዋ። ያገለገለም አዲስም ይሸጣል። የጥቁሩን ደግና ክፉ ንገረኝ ስለው ሳይቸኩል አስረዳኝ። ደጉ፣ ወድቆ አይሰበርም። ውሃ ቢፈስበት አይሞትም። መለዋወጫው እንደ ልብ ነው፣ ከመርካቶ ሳይወጡ ይጠገናል። ቁልፎቹ ጠለቅ ያሉ ስለሆኑ ብዙ ለሚጽፍ ሰው ጣት አያደክሙም። ክፉው ደግሞ ክብደቱ ነው። ያገለገለው ባትሪው ይደክማል፣ መብራት ሲጠፋ ብዙ አይቆይም። ማቀዝቀዣ ፋኑ ያጉረመርማል። ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያህላል።

እኔም በበኩሌ መረመርኩት። የኛ ሙያ ሸማን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይዞ ማሸት፣ ብርሃን ላይ ዘርግቶ የተበጠሰ ድር መፈለግ ነው። ክዳኑን ጠርዙን ይዤ አሸሁት፣ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት።

ሰውየው አየኝና፣ «ጋሼ፣ ሊለብሱት ነው እንዴ?» አለኝ።

ሳቅን። ቀጥዬ አንድ ነገር ጻፍበት አልኩት። ምን ልጻፍ አለኝ። የፈለግከውን፣ ብቻ ጻፍ። ሁለት ሦስት ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። ጎኑ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ቴፕ ስለሚጮህ በደንብ አልሰማሁም፤ ግን ልቤ ደነገጠ። ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬ ደረጃውን ግድግዳ ግድግዳውን እየያዝኩ ወረድኩ።

እንዲህ እያልኩ ተመላለስኩ። ጥገና ቤቶችንም ጠየቅኩ። የሚነግሩኝ ሁሉ ተመሳሳይ ነው፣ ደጉም ክፉውም።

ለልጅቷ ስነግራት ግን ሙያዬ አሸነፈኝ። ሸማ ሻጭ ጋቢ ሲያሳይ ጉድፉን ወደ ውስጥ አጥፎ ነው፤ ገዢው ካልገለጠው እሱ አይገልጠውም። እኔም ጥንካሬውን ዘርግቼ ድካሙን አጠፍኩባት። አይሰበርም፣ አይበላሽም፣ መለዋወጫ ሞልቶለታል አልኳት። እሷ ደግሞ አስቀድማ አንድ ስስ፣ አመድማ የሆነ ላፕቶፕ አስባ ኖሯል። ባትሪውስ አለችኝ። ባትሪ ይቀየራል አልኳት። ከባድ ነው ይባላል አለችኝ። ከባድ ዕቃ ሌባ ይዞት አይሮጥም አልኳት። ፈገግ አለች፣ ፈገግታዋ ግን ቶሎ ጠፋ። አባቷ ይዞት የነበረው መሆኑን እኔም አላነሳሁም፣ እሷም አላነሳችም። ቅዳሜ አብረን ሄደን እንየው ተባባልን።

ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ ሰውየው ገና ሱቁን እየጠረገ ነበር። የመጀመሪያ ደንበኞቹ እኛ ነን፤ ገበያውን ክፈቱልኝ ብሎ ወንበር አቀረበልን። የመጀመሪያ ደንበኛ ባዶ እጁን ከተመለሰ ቀኑ ሙሉ ይበላሻል የሚሉት ነገር አለ፣ እኔም ሱቄ ላይ አምንበታለሁ። ጥቁሩንና አመድማውን ጎን ለጎን አስቀመጠልን። ፎቁ ገና ጸጥ ብሏል፣ ጎረቤቶቹ አልከፈቱም።

ልጅቷ አመድማውን ነካ ነካ አደረገችው። ቁልፎቹ ጥጥ ላይ እንደሚሄድ ጣት ናቸው፣ ድምፅ የላቸውም። ጥቁሩንም ሞክሪው እንጂ አልኳት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አፍራ ይሆናል ብሎ ሰውየው ራሱ አጎንብሶ ጻፈ። በሁለት ጣት።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ። አረፈ። ጠቅ ጠቅ። ዱብ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ልበላችሁ፣ ከችፑዱ ወዲያ ያለ መሰለኝ፤ ጉሮሮውን ጠረግ ሲያደርግ የምሰማው መሰለኝ። ይሄው ነው፣ ጠቅልልልኝ ልል ዓይኔን ስገልጥ ወንበሩ ባዶ ነው። ልጅቷ በረንዳው ላይ ወጥታ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች።

ተከትዬ ወጣሁ። ታች ወዛደሮቹ ጭነት ተሸክመው «ዞር በል» እያሉ ያልፋሉ። እሷ ግን ምንም አታይም።

«አባባ» አለችኝ፣ ሳትዞር። «እሱን ቤት አያስገቡብኝ።»

«ክብደቱ ነው?»

«ክብደቱ አይደለም። ከራት በኋላ የሚመጣውን እርስዎ አይሰሙትም?»

እኔ ብቻ የምሰማው ነበር የመሰለኝ።

«ይሰማሻል?» አልኳት።

«እኔ እኮ እዚያው ክፍል ነው የምተኛው። እሱን ሽሽት ነው ሰው ቤት የማመሸው።» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እርስዎ በሩን ከፍተው ጠረጴዛውን አይተው ይመለሳሉ። እኔ ነቅቼ ነው ያለሁት። እኔን ሊያዩ የመጡ እየመሰለኝ እጠብቃለሁ።»

እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በሩን ገፍቼ ያየሁት ባዶውን ወንበር ነው። አልጋው ላይ ያለችውን፣ የምትተነፍሰውን፣ ተኝታለች ብዬ አልፌያታለሁ። ለእኔ እንቅልፍ ያመጣልኛል ያልኩት ድምፅ እሷን ከቤት እያስወጣት ነበር፤ እኔ ደግሞ ደረጃ እየወጣሁ እየወረድኩ ያንኑ ልገዛላት ነው። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ። ቀዝቅዛለች። ጋቢዬን አውልቄ ደረብኩላት፤ እሷም እንቢ አላለችም። ተያይዘን ገባን።

አመድማውን ስጠኝ አልኩት ሰውየውን። እሱም ደንገጥ አለ፤ ሐቀኛ ስለሆነ ክፉውን ሳይነግረኝ አልሸጠልኝም። አመድማው ውስጡ ተበይዶ የተሠራ ነው፣ ወደፊት ሜሞሪ ልጨምርበት ቢሉ አይጨመርም። መለዋወጫውም እንደ ልብ አይገኝም። ማጠፊያው ላይ እጅ ቀለል ማድረግ ያስፈልጋል።

«ጥቁሩን ሲያመሰግኑልኝ ከርመው ደግሞ ዛሬ ምን አገኙበት?» አለኝ።

«ጉድፍ አገኘሁበት።»

«ወላሂ እኔ አላውቀውም። የቱ ጋ ነው?»

«ይሰማል» አልኩት።

ጥቁሩን አንስቶ ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ፣ ማቀዝቀዣውን ያልኩ መስሎት። አላረምኩትም። ገበያው ተከፈተልኝ ብሎ መርቆ ሸኘን።

ያን ዕለት ከራት በኋላ ልጅቷ ሌላ ቤት አልሄደችም። አባቷ ጠረጴዛ ላይ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች፤ እኔም በሩን ክፍት ተውኩት። ላፕቶፑን ከፈተች። ምንም አይሰማም። ያኛው ድምፅም አልመጣም። እሷ እዚያ ስትቀመጥ አይመጣም። ኮሌጅ ውላ እኔ ብቻዬን ቤት የሆንኩ ቀን ግን ከሰዓት በኋላ እሰማዋለሁ፤ ተነስቼ ጠረጴዛውን አላይም፣ እስኪበቃው እጠብቀዋለሁ። ይሄንን አልነገርኳትም።

ዝምታው ከበደኝ። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ይኑር አይኑር ጆሮዬ ሊነግረኝ አልቻለም። እንቅልፉም እንቢ አለ። መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው፣ እስከ ዛሬም እጠይቃለሁ።

«አለሽ?» እላታለሁ ከአልጋዬ።

«አለሁ አባባ።» ጥቂት ትጽፍና እሷም በተራዋ፣ «እርስዎስ?» ትለኛለች።

ወዲያው አልመልስም። ሌላ የሚመልስ እንዳለ ትንሽ አዳምጣለሁ። ከዚያ፣ «አለሁ» እላታለሁ።