የሸምሱ ፖስታ ሳጥን የታገደ ጊዜ

ትናንት ከሰዓት ልጄ ሌንሳ ከሥራ ስትገባ ፊቷ ተኮሳትሯል። መሥሪያ ቤቷ የሚልከው ኢሜይል ግማሹ እየተመለሰ፣ ግማሹ ደግሞ ሰዎቹ ጋ ሲደርስ ስፓም ውስጥ እየገባ ሥራ ቆሟል አለችኝ።

«ምን አጠፋችሁ?» አልኳት።

«እኛማ ምንም! ከእኛ ጋር በአንድ ሰርቨር የሚጠቀም ሌላ ድርጅት ለማያውቃቸው ሰዎች ማስታወቂያ ሲረጭ ከረመ። አድራሻውን ጥቁር መዝገብ ውስጥ አስገቡት። አድራሻችን ደግሞ አንድ ነው... አብረን ተዘጋን።»

እሷ ስትናደድ እኔ ሳቄ መጣ። በደርግ ጊዜ እንዲሁ ተዘግቶብኝ አባቷን ላጣው ነበር።

ያኔ ነቀምት አስተማሪ ነበርኩ። የምኖረው ከአባቴ እህት ከአዳዳ ጫልቱ ጋር ነው። እጮኛዬ ገመቹ ራቅ ባለችው ጊዳ አያና ወረዳ ተመድቦ ያስተምራል። ስልክ የለ፣ መንገዱ አስቸጋሪ... ያለን ደብዳቤ ብቻ ነው። የራሴ ፖስታ ሳጥን ስላልነበረኝ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ በሸምሱ ሳጥን ነበር የምጠቀመው። ሸምሱ የጨርቅ ሱቅ ያለው ጉራጌ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ «ያንቺ ሰው ጽፏል!» እያለ በባንኮኒው ላይ ያቀብለኛል።

አንድ ክረምት መውጫ ላይ ደብዳቤው ቀጥ አለ። ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ... ጭጭ። ጊዜው ሰው ታስሮ ቤተሰቡ ከወር በኋላ የሚሰማበት ጊዜ ነው። ታሰረ? ታመመ? ወይስ ጠላኝ? ሱቁ በገባሁ ቁጥር ሸምሱ ገና ሳልጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል።

አዳዳ ግን አልተጨነቀችም። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሌላ አግብቷል። ተይው። ያ ላግባሽ የሚልሽ የሲሬው ነጋዴ ምን ይወጣለታል?» ትለኛለች።

አንድ የገበያ ቀን ሸምሱ ሱቅ ቆሜ ሳለሁ አቧራ የለበሰ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ገመቹ! ከጊዳ አያና በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ነው የመጣው። ሰላምታም የለ።

«ካልፈለግሽኝ በሁለት መስመር አትነግሪኝም ነበር?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያልጻፍኩት? አንተ አይደለህ!»

ሸምሱ የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። «ቆይ፣ ቆይ... እኔም የአዲስ አበባው ዕቃ ላኪዬ ድምፁ ጠፍቶ ስረግመው ነው የከረምኩት። ኑ እስቲ» አለና ሱቁን ቆልፎ ሦስታችንም ወደ ፖስታ ቤት ሄድን።

ሠራተኛው የሳጥኑን ቁጥር ሲሰማ ግራ ቀኝ አየ። «ይሄ ሳጥን ታግዷል። የሚመጣለትም፣ ከእሱ የሚላከውም ይያዝ ተብሏል። ከላይ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አድርጌ?» አለ ሸምሱ፣ ላብ እያጠመቀው።

ሰውየው ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥቶ አሳየን። «ይህን ጽሑፍ ገልብጠህ ለዘጠኝ ሰው ላክ። ከላክህ በረከት ታገኛለህ። ካስቀረህ ቤትህ መቅሠፍት ይገባል» ይላል። የጸሐፊው ስም የለም፤ ፖስታው ላይ ግን የሸምሱ ሳጥን ቁጥር አለ። አንዱ ካድሬ እጅ ገብቶ፣ «ዘጠኙ የኅቡዕ ድርጅት ሴል ናቸው» ብሎ ሳጥኑን አሳግዶታል።

እኔ ግን ያየሁት ጽሕፈቱን ነው። ቡጢ የሚያካክሉ ፊደሎች፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች... መሠረተ ትምህርት ስትማር እኔው ሳስጠናት የከረምኩት፣ የአዳዳ ጽሕፈት!

ብናገር አክስቴን ማሳሰሬ ነው። ዝም ብል ደግሞ የሚጠየቀው ሸምሱ ነው። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ቤት ገባሁ።

«አዳዳ፣ ምንድን ነው የጻፍሽው?»

አልካደችም። «ለእኔም ደረሰኝ። መቅሠፍቱ በአንቺ እንዳይመጣ ፈርቼ ላክሁት።»

«የሸምሱን ሳጥን ቁጥርስ ለምን ጻፍሽበት?»

«ፖስታ ላይ የላኪ አድራሻ ይጻፋል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

ነገሩ የደረሰበትን ስነግራት ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን ከግድግዳው አወረደች። «በእኔ ጥፋትማ ሸምሱ አይታሰርም» ብላ ወጣች። ብለምናትም አልሰማችኝ።

ሸምሱ፣ ገመቹና እኔ ከካድሬው ቢሮ ማዶ ቆመን ጠበቅናት። ሰው ይገባል፣ ይወጣል... እሷ የለችም። ሸምሱ ዱዓ ያደርጋል፤ ገመቹ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ያ ሁሉ ኩርፊያችን የት እንደገባ እንጃ፣ እጄን አጥብቆ ይዞኛል።

በመጨረሻ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። የብዙ ሰው ሳቅ። አዳዳ ምስክር ወረቀቷን እንደታቀፈች ብቅ አለች፤ ተቆጥታለች።

«ምን አሉሽ?»

«ድርጅትሽ ማን ነው? አሉኝ። መሠረተ ትምህርት አልኳቸው። እስቲ ጻፊ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። አንዷን መስመር ሳልጨርስ ይስቁብኝ ጀመር። ምን ያስቃል? ለመጻፍ ጊዜ አይፈልግም?»

«ሳጥኑስ?»

«ይከፈታል። እኔም ሁለተኛ አልልክም ብዬ ፈረምኩ።»

እዚያው መንገድ ላይ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ሸምሱ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ የአዳዳን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ገፍታ አስነሣችው።

በሳምንቱ የተያዘው ደብዳቤ ሁሉ ተለቀቀ። የገመቹን ሸምሱ በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልሎ አመጣልኝ። የመጀመሪያው ናፍቆት ነው፤ ቀጥሎ ልመና፤ የመጨረሻው ስድብ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንድ በአንድ አነበብኳቸው... ስድብ ቀረሹን ደጋግሜ አነበብኩት።

ገመቹ ከዚያ ወዲያ ጊዜ አላጠፋም። ሽማግሌ ላከ... በእግራቸው ስለመጡ ማንም አላገዳቸውም!