አብረን ገባን፣ ብቻውን ወጣ

ዛሬም ሰው ስለ ቻርት ሲያወራ ደሜ ይፈላል። መስመሮቹ ዋሹኝ ብዬ እኮ አይደለም። መስመሮቹ አንድም ቀን አልዋሹኝም። የዋሸኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነው።

አራት ነበርን፤ እኔ፣ አብሮ አደጌ፣ ጉርድ ሾላ መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ እና ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር ጓደኛዋ። ከሥራ በኋላ መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ ካለ ካፌ ተሰብስበን በአብሮ አደጌ ላፕቶፕ የክሪፕቶ ገበያ እናያለን። አስተማሪያችን እሱ ነበር። ከቴሌግራም የለቃቀመውን ሁሉ ያስረዳናል፤ ማስረዳት ደግሞ ይችልበታል፣ አልክደውም።

«አርኤስአይ ማለት ሰዉ ምን ያህል እንደተስገበገበ የሚነግርህ ቁጥር ነው» ይላል። «ከሠላሳ በታች ከወረደ ሁሉም ፈርቶ ሸጧል። ከሰባ ካለፈ ደግሞ ሁሉም ተሻምቶ ገዝቷል፤ ያኔ ወተቱ ሊገነፍል ነው፣ ቶሎ አውርደው።» አንድ ምልክት ብቻውን አይታመንም ብሎ ሁለት የአማካይ መስመሮች ጨመረልን። አንዱ የጥቂት ቀናትን አማካይ ዋጋ ስለሚይዝ ፈጣን ነው፤ ሌላው የብዙ ቀናትን ስለሚይዝ ዘገምተኛ ነው። ፈጣኑ ዘገምተኛውን አቋርጦ ወደ ታች ከወረደ ሰዎች እየሸጡ ነው፣ አንተም ሽጥ። በቃ፣ ይኸው ነው ትምህርቱ።

እኔ የገባሁበት ገንዘብ የአባቴ ባሕር ዛፍ ነው። አባቴ ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ሥር ገበሬ ነበር። መሬቱ ለመንገድ ሲባል፣ ለቤት ሲባል ተቆርሶ ተቆርሶ የቀረችው ገደል አፋፍ ላይ ያለች አንዲት የባሕር ዛፍ ቁራጭ ነበረች። ለእርጅናዬ ይላት ነበር። እሷን አስቆርጦ ለአጣና ነጋዴዎች ሸጠና፣ «ሲኤምሲ ሱቅ እከፍታለሁ ስትል አልነበር? በል እንካ» አለኝ። ለሱቅ አትበቃም፣ መጀመሪያ እዚህ ገበያ ላይ ትርባልኝ ብዬ በግልጽ ነገርኩት። ስለ መስመሮቹም አንድ በአንድ አስረዳሁት። ሰምቶ ሰምቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አብሮ አደግህ አለበት?»

«አለበት።»

«ሃ ታኡ» አለኝ። ይሁን ማለቱ ነው፤ ልቡ ሲያርፍ ኦሮምኛው ይቀድመዋል። ልጁ እኛ ቤት በልቶ ያደገ ነው፤ አባቴ ከእኔ ለይቶት አያውቅም።

ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት የክሪፕቶ ሳንቲም መርጠን ልንገዛ ስንል አብሮ አደጌ እጁን ጠረጴዛው መሃል ዘረጋ። «አብረን ገብተን አብረን እንወጣለን። ብቻውን የሸጠ ከሃዲ ነው» አለ። ሁላችንም እጃችንን በእጁ ላይ ደረብን። የሌላ አገር ነጋዴ ይህን ቢያይ በሳቅ ይሞታል። እኛ ግን ዕቁቡም ዕድሩም በማኅበር የሆነብን ሰዎች ነን፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ያስጠላናል። እያንዳንዳችን በየስልካችን ገዛን።

ዋጋው ወጣ፤ ደስ ብሎን ሰነበትን። አንድ ቀን ልጅቷ ቀስ ብላ «ሰባ አለፈ እኮ» አለች። ሁላችንም አየን፣ ሁላችንም ገባን፣ ሁላችንም ዝም አልን። እንሽጥ ብሎ የጀመረ እንደ ከሃዲ ይታያላ! ይሉኝታ ነዋ! ይሄ የእኛ በሽታ የትኛው ቻርት ላይ እንደሚታይ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈጣኑ መስመር ጎንበስ አለና ዘገምተኛውን ወደ ታች አቋረጠው። አላስችል ሲለኝ «ኧረ እንሽጥ ጎበዝ» አልኩ።

አብሮ አደጌ ሳቀብኝ። «ምነው እንደ ሽማግሌ ፈራህሳ! አንድ ሁለት ቀን እንይ» አለና ለሁላችንም ማኪያቶ አዘዘ። በእኔ ነው ብሎ ምሎ ከፈለ። አስተማሪው እሱ ስለሆነ አመንነው።

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ቀይ ብቻ ነው። በሳምንቱ የአባቴ ባሕር ዛፍ አንድ የረባ ጫማ እንኳ የማይገዛ ሆኖ ቀረ። ለአባቴ ስነግረው «አብሮ አደግህስ?» አለኝ። እሱም እንደ እኔ ነው አልኩት። «አይ ያ ልጅ!» ብሎ ለእሱም አዘነለት።

ክረምት ሲገባ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ እየደበደበኝ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ያገለገለች መኪና አጠገቤ ቆመች። አብሮ አደጌ ነው። «ግባ፣ ላድርስህ!» አለኝ። ገባሁ። የማን ናት ስለው የእኔ ናት አለ።

«ከየት አምጥተህ?»

«እኔማ ፈጣኑ መስመር ዘገምተኛውን ያቋረጠ ለታ ወጥቻለሁ።» ስለ ዝናቡ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

«ማኪያቶ የጋበዝከን ቀን?»

«መሰለኝ። ሁላችንም ባንዴ ብንሸጥ እኮ ዋጋው ይወርድብን ነበር።»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ፤ ከእኛ ደጃፍ የተቆረጠው ግን ደን ነው። አውርደኝ አልኩት። ጉርድ ሾላ ሳንደርስ ወርጄ በዝናብ በእግሬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነፈግኩት። ወራት አልፈው ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ቤታችን መጣ። ጥፋቱን ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ፣ «አርኤስአዩ ሰባ አልፎ ነበር፣ መስመሩም ወርዶ ነበር። እሱም አይቶታል፣ ይጠየቅ» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው እውነቱ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ምልክቱን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ማን ያዘህ?»

«ቃል ነበረን» አልኳቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ቀጥሎ ግን ገንዘብ ይሄዳል ይመጣል፣ ወንድማማች አይጣላም ወደሚለው ገቡ። አባቴ አቋርጧቸው ወደ አብሮ አደጌ ዞረ።

«አንተ ልጅ» አለው። «ያን ስትሸጥ ልጄ ከጎንህ ነበር?»

«አዎ አባባ፣ ከጎኔ ነበር።»

«ታዲያ ጎሸም ብታደርገው ምን ነበረበት?»

ሽማግሌዎቹ በሉ ይበቃል፣ ተሳሳሙ አሉን፤ ለእነሱ ስል ጉንጩን ሳምኩት። ከዚያ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አባቴ እግሩን ሰበሰበ።