የእኩሌታው ስለት

ባለቤቴ ስለቱን የተሳለው በወባው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ፎገራ ሜዳ ላይ እህሉ ደርሶ አጫጅ ጠፋ። ከወረታ ወደ ጣና በሚወስደው መንገድ በራቸው የተዘጋ ቤቶች ነበሩ፤ የሞተውን የሚቀብረው ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እሱም ታሞ ከሞት አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። ከልጆቻችን አንድም አልጎደለብንም። ከአልጋው በተነሣ ጊዜ ዱላ ተደግፎ ወደ ደጅ ወጣና ጭስ የማይወጣባቸውን ቤቶች ሲያይ ቆየ። ተመልሶ ገብቶ፣ ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት ከሚገባው ሁሉ እኩሌታው የኛ አይደለም አለኝ።

የነፍስ አባታችን ሲሰሙ ደነገጡ። የታዘዝኸው ዐሥራት ነው፣ ልጆች አሉህ፣ እኩሌታ ካልህ ነገ ይከብድሃል ብለው መከሩት። አልሰማቸውም። እኔም አልተቃወምሁም። የእናቴን ቤት ሰው አንድ በአንድ የቀበርሁት ያኔ ነው፤ ተርፎ መብላት ራሱ ያሳፍረኝ ነበር።

ቃሉን ጠበቀ። ጤፉ ተወቅቶ ሲያልቅ አውድማው ላይ ሁለት ክምር ያደርገዋል፤ አንዱ ወደ ጎተራችን ይገባል፣ አንዱ ወላጅ ለሞተባቸው፣ ለመበለቶች፣ ለአቅመ ደካሞች ይሰጣል። ሽምብራውም ጓያውም እንዲሁ። ኑጉን ወረታ ገበያ ወስዶ ሲሸጥ ካገኘው እኩሌታው አቡጀዲ ሆኖ ይመለስና ለታረዙት ይቀደዳል። ላሞቻችን የወለዷቸውን ጥጆች ጡት እስኪጥሉ አሳድጎ፣ አንዱን ለኛ ሲያስቀር ሌላውን በሬ ለሞተበት ይነዳል። በየዓመቱም አህያ ጭኖ ጣራ ገዳም ድረስ ይወጣ ነበር። ቀላል አልነበረም። ልጆቼ የተጣፈ ልብስ ለብሰው አደጉ፤ ትልቋን የዳርናት እንደ አቅማችን ሳይሆን እንደ ድሃ ነው፤ ለዚያም ከዘመድ ብዙ ተወቀስን። ግን ምርት በገባ ጊዜ ደጃችን የሚቆመውን ሰው ሳይ፣ ያ ሁሉ ሰው ጠግቦ ሲሄድ ሳይ፣ ደስ ይለኝ ነበር። እሱም በገዛ እጁ ካልሰፈረ ደስ አይለውም።

አንዲት ታላቅ እህት ነበረችው። እናቱ በጡት ትታው ስለ ሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሱም እኔም እታለም ነበር የምንላቸው። የተዳሩት ከጉማራ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ሐሙሲት መውጫ ነው። ባላቸው በዚያው በወባው ዓመት ሞቱ፤ ልጅ አልነበራቸውም። ባለቤቴ ካገገመ በኋላ ለተዝካሩ ሄዶ፣ በሬ አርዶ፣ ሁሉን አሰናድቶ ተመለሰ። መሬት አላቸው፣ ላም አላቸው፣ በእኩል የሚያርስላቸው ሰው አላቸው ብለን ልባችንን አሳረፍን።

ለኅዳር ሚካኤል ዝክራችን ሳይመጡ አይቀሩም። ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ ቅቤ በቅል ሞልተው ይመጣሉ፤ አንድም ቀን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ደጃችን የተሰበሰበውን ድሃ ሲያዩ ወንድማቸውን ይመርቁታል። ኑሮ እንዴት ነው ስላቸው፣ ተመስገን፣ ምን ጎድሎኝ ይሉኛል። ማግስቱን ጥቂት እህል እንጫንልዎ ብንላቸው ለሚያስፈልገው ስጡት ብለው ይሄዳሉ። እሱም ጉማራ ድረስ ይሸኛቸዋል። ወንዙን ግን አይሻገርም፤ እህል የሚሰፈርለት ሰው ደጃችን ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ከበደና ጉማራ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው። ውሃው ሸሽቶ ኅዳር ሲገባ እታለም ለዝክሩ ሳይመጡ ቀሩ። ታመው ይሆናል፣ አጨዳው ይለፍና እንሄዳለን ተባባልን። አጨዳው አለፈ፣ ውቂያው መጣ፣ ከውቂያው በኋላ ደግሞ የሚሰፈርለት ሰው መጣ። ጥጃ ሊገዛ ወደ ሐሙሲት የሄደ ጎረቤታችን ሲመለስ ባለቤቴን ለብቻው ጠርቶ፣ እህትህን ጠላ ቤት ጌሾ ሲወቅጡ አየኋቸው አለው። ባለቤቴ ተቆጣ። የኔ እህት አይደለችም፣ ዓይንህ ነው የሳተህ ብሎ ሰደደው። ሆኖም ሲነጋ አህያ ላይ ጤፍ ጫነ፣ ከላሞቻችን የምትታለበውን መርጦ አስከተለና አብረን ወጣን።

መጀመሪያ ከቤታቸው ደረስን። ጣሪያው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ በረቱን አረም ውጦታል። ከጎን ያሉ ሴትዮ ወጥተው የሆነውን ነገሩን። ጎርፉ ማሳቸው ላይ አሸዋ ጥሎበት ስለ ነበር በእኩል የሚያርሰው ሰው ትቷቸው ሄዷል። በሬያቸውን ሸጠው በልተዋል። ላሚቱማ ከሞተች ቆይታለች አሉን። ያን ጊዜ ቅቤውን ከየት ያመጡት ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ፈትል ፈትለው እየሸጡ ይገዙት ነበር አሉኝ፤ ኩታውም ከእኚሁ ከጎረቤታቸው የተዋሱት ነበረ። ባለቤቴ አህያውን ወደ ሐሙሲት ነዳ።

ሐሙሲት ከመንገዱ ዳር ካለው ጠላ ቤት ጓሮ አገኘናቸው። ሙቀጫ ፊት ቆመው ይወቅጣሉ። ሲያዩን ዘነዘናውን አላስቀመጡም፤ ደኅና መጣችሁ አሉና የልጆቼን ጤና እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠሩ ጠየቁኝ።

«እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አላቸው።

«ምን ብዬ ልንገርህ? ደጅህ ሰው ሞልቶ አየዋለሁ። ከነሱ ጋር ልቁም?»

«ያንቺማ ሌላ ነው።»

«ሌላ ቢሆንማ ሳልጠራህ ትመጣ ነበር» አሉት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እንደ ተራ ወሬ ነው የተናገሩት። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴን አላየኸውም። እህል አልነበረም ያጣሁት፣ ወንድሜ።»

ላሚቱንም ጤፉንም አልተቀበሉም። የድሃ ድርሻ ነው፣ ለድሃ ስጠው፣ እኔ የምሠራበት እጅ አለኝ አሉ። ከድሃ ድርሻ አይደለም፣ ከኔ ድርሻ ነው ብሎ ማለ፤ አሁንም እንቢ አሉ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ጋቢውን አውልቆ ለኔ ሰጠኝና ዘነዘናውን ከእጃቸው ወሰደ። በአገሩ የሚፈራና የሚከበር ሰው፣ ጌሾ መውቀጥ የሴት ሥራ በሆነበት አገር፣ ጠጪዎቹ በበሩ ብቅ እያሉ እያዩት፣ ሙቀጫው ውስጥ ያለው እስኪልም ወቀጠ። እታለም መጀመሪያ ሊከለክሉት ሞከሩ፤ በኋላ መደብ ላይ ተቀምጠው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ለገበያው እያሳበበ ይሄድ ጀመር። ነይ ቤት እንግባ እያለ ይለምናቸዋል። እሳቸው ክረምቱ ይለፍ ይላሉ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ አሠሪዬ ሰው እስክታገኝ ይላሉ። እንደማይመጡ እኔ ገብቶኝ ነበር፤ ለሱ ግን አልነገርሁትም። ወገባቸውን ሲያማቸው በበቅሎ ጭኖ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዳቸው። እኔም ስንቅ ይዤ ተከተልሁ። እዚያ ጠዋት ጠዋት አጥበናቸው ፀሐይ ሲሞቁ፣ እሱን አዝለው ውሃ ይቀዱ የነበረበትን ጊዜ እያነሡ ሲያጫውቱት፣ በልጅነቱ አልቅሶ ያስቸገራቸውን ሲነግሩኝ፣ እሱ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እንዲህ ያሉ ዓመታት ብዙ ሊኖሩን ይችሉ ነበር።

የሞቱት በዚያው በሐሙሲት ነው፤ ሬሳቸውን ወደ አገራችን እንውሰድ ብሎ ነበር። አሠሪያቸው ግን፣ እዚሁ ከጎረቤቶቼ ጋር ቅበሩኝ ብለው ተናዘዋል አለችና ቃላቸው ተከበረ። ከቀብር ስንመለስ ያቺው ሴት ባለቤቴን ልታጽናናው ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። እንዴት ይኮሩብዎ ነበር መሰልዎ አለችው። ለጠላ የመጣውን መንገደኛ ሁሉ፣ ፎገራ ላይ ካለው ሁሉ እኩሌታውን ለድሃ የሚሰጠውን ሰው ታውቃለህ ወይ ይሉታል። አዎ ሲላቸው፣ እኔ ነኝ ያሳደግሁት ይሉ ነበር። እኛ እርስዎ መሆንዎን ያወቅነው በኋላ ነው አለችው።

ባለቤቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ።

ስለቱን እስኪያረጅ አላጓደለም። ነገር ግን ደጃችን ተሰብስቦ ለሚጠብቀው ሰው በልጆቻችን እጅ እያሰፈረ፣ እሱ ራሱ የማይመጡትን ፍለጋ ከቤት ወደ ቤት ይሄድ ነበር። እህል እንኳ ባይዝ ገብቶ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል። ሰው ቸርነቱን ሲያወራለት ግን ፊቱ ይጠቁርና ዱላውን አንሥቶ ይወጣል። ትሑት ነው ይሉታል።